ዘንጉ ለምን ተሰበረ? አከርካሪን ስለሚያጸኑ ብሎኖች፣ ዘንጎችና ኬጆች

(ለጀማሪ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪሞች፣ ለኦፕሬሽን ክፍል ነርሶችና ለባዮሜዲካል መሐንዲሶች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን ቆያችሁ። ዛሬ ከመጨረሻው እንጀምር፤ ከተሰበረ ዘንግ። ታካሚው ብረቱ ከተተከለለት አንድ ዓመት ተኩል ሆኖታል እንበል። አልወደቀም፤ ከባድ ነገር አላነሳም። አንድ ጠዋት ከወንበር ሲነሳ ጀርባው ውስጥ ቀጭ አለና የድሮው ሕመም ተመለሰ። ራጅ ሲነሣ ከእርሳስ ጥቂት የሚቀጥነው የቲታኒየም ዘንግ ለሁለት ተከፍሏል።

ብዙ ሰው ወዲያው የሚጠይቀው ስለ ብረቱ ጥራት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ብረቱ በደል የለበትም። ቀጭን ሽቦ ይዛችሁ ወዲያና ወዲህ ስታጎብጡት በመጀመሪያው አይሰበርም፤ በሃያኛው ይሰበራል። ዘንጉንም የሰበረው እንዲህ ያለው ድግግሞሽ ነው። በቀን 5000 እርምጃ የሚራመድ ሰው በዓመት ከ1.8 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ዘንጉን ያጎብጠዋል። እነዚህ ብረቶች ለገበያ ከመቅረባቸው በፊት በተለመደው የላቦራቶሪ ፍተሻ፣ የፊት ድጋፍ በሌላቸው የፕላስቲክ ብሎኬቶች ላይ ተገጥመው 5 ሚሊዮን ዙር ጭነት ይፈተናሉ። አስሉት፤ ለዚህ ሰው ሦስት ዓመት እንኳን አይሞላም። ዕድሜ ልክ እንዲሸከም የተሠራ የአከርካሪ ብረት የለም። የተሠራው አከርካሪዎቹ ተዋህደው አጥንቱ እስኪገጥም ድረስ እንዲይዝ ነው። አዋቂ ሰው ላይ ይህ በአብዛኛው ከ6 እስከ 12 ወር ይወስዳል። ዘንጉ በ18ኛው ወር ከተሰበረ ከሥሩ ያለው አጥንት አልገጠመም ማለት ነው፤ መፍትሔውም አዲስ ዘንግ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ከዚህ በኋላ የምንለው ሁሉ በሁለት ጥያቄ የሚመዘን ነው። ይህ እርምጃ የብረቱን ሸክም ያቀልላል ወይስ ያከብዳል? አጥንቱን ያፈጥናል ወይስ ያዘገያል?

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። በ1911 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ራስል ሂብስና ፍሬድ አልቢ የተባሉ ቀዶ ሐኪሞች፣ ሁለቱም ኒውዮርክ ውስጥ፣ አከርካሪን ሲያዋህዱ ምንም ብረት አልተጠቀሙም። ሂብስ እዚያው ጀርባ ላይ ያለውን አጥንት እየፈለፈለ ድልድይ ሠራበት፤ አልቢ ደግሞ ከቅልጥም የተወሰደ አጥንት ተከለ። ታካሚው ግን ለወራት በጀሶ ታስሮ መተኛት ነበረበት። በኋላ የሂዩስተኑ ፖል ሃሪንግተን ፖሊዮ አከርካሪያቸውን ላጣመመባቸው ልጆች መንጠቆና ዘንግ ሠራ፤ ሥራውን በ1962 አሳተመ። መጀመሪያ ላይ አጥንት ሳያዋህድ ብረቱን ብቻ ይተክል ነበር። ብረቶቹ ተሰበሩ፣ መንጠቆዎቹ ተነቀሉ። ከዚያ በኋላ ማዋሃዱን ጨመረበት። ዛሬ የምንጠቀምበትን ብሎን በተመለከተ፣ ካናዳዊው ሃሮልድ ባውቸር በ1959 ወደ ፔዲክሉ የሚዘልቅ ረጅም ብሎን አስተዋወቀ፤ ፈረንሳዊው ሬሞን ሯ-ካሚ ደግሞ ከ1963 ጀምሮ ብሎኑን ፕሌት ከሚባል ጠፍጣፋ ብረት ጋር አጣመረው።

ፔዲክል ምን እንደሆነ ለመሐንዲሶቹ እንግለጽ። እያንዳንዱ አከርካሪ ከፊት ወፍራም አካል፣ ከኋላ ደግሞ ህብለ ሰረሰርን የሚጋርድ ቅስት አለው። ሁለቱን የሚያገናኙት ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት አጫጭር የአጥንት ቱቦዎች ፔዲክል ይባላሉ። ዳራቸው ጠንካራ፣ ውስጣቸው ስፖንጅ መሰል ነው። ከኋላ ገብቶ እስከ ፊት የሚዘልቅ ብሎን ሦስቱንም የአከርካሪ ክፍሎች፣ ፊቱን፣ መሃሉንና ኋላውን፣ አንድ ላይ ይይዛል፤ መንጠቆና ሽቦ ግን የኋላውን ብቻ ነው የሚይዙት። ችግሩ ይህ ቱቦ በነርቭ የተከበበ መሆኑ ነው። ከውስጥ በኩል ህብለ ሰረሰር ወይም የነርቭ ከረጢት አለ፤ ከሥር ደግሞ የነርቭ ሥር ግድግዳውን ታክኮ ይወጣል። ስለዚህ ወደ ውስጥና ወደ ታች መሳት ከሁሉም የከፋ ነው። ወደ ውጭ መሳት ብዙውን ጊዜ የሚያስከፍለው የብሎኑን ጥንካሬ ነው። ከፊት ጥሶ የወጣ ጫፍ ትልልቅ የደም ሥሮችን ሊነካ ይችላል።

አሁን ወደ ሥራው። ከቁርጡ በፊት ታካሚው በሆዱ ሲተኛ ሆዱ ምንም ሳይነካው መንጠልጠል አለበት። ሆዱ ከተጨነቀ ደሙ ወደ አከርካሪው ደም ሥሮች ይመለሳል፤ ሥራው ሁሉ በደም ይጥለቀለቃል። ዳሌው ቀና ብሎ ካልተዘረጋ ደግሞ ወገቡ ተፈጥሯዊ ቅስቱን ያጣል፤ በዚያ ቅርጽ ከተቆለፈም እንደዚያው ይቀራል። ቀጥሎ ደረጃውን በራጅ አረጋግጡ። በተሳሳተ አከርካሪ ላይ መሥራት ዛሬም የሚከሰት ስህተት ነው፤ በተለይ አምስት ሳይሆን አራት ወይም ስድስት የወገብ አከርካሪ ያለው ሰው ላይ። ከዳሌ ወደ ላይ የቆጠረና ከጎድን ወደ ታች የቆጠረ ሁለት የተለያየ ቁጥር ያገኛሉ።

በወገብ ላይ የብሎኑ መግቢያ የጎን ዘንፋፋው አጥንት መሃል መስመር ከመገጣጠሚያው ውጫዊ ጠርዝ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ጠንካራው ቅርፊት በመሰርሰሪያ ሲነሳ ከሥሩ ቀላ ያለ፣ ደም የሚያወጣ ስፖንጅ አጥንት ይታያል፤ ትክክለኛው ቦታ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ጫፉ ቆልመም ያለውን መፈተሻ ስታስገቡ ቆልማማው ለመጀመሪያው 20 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይዙር፤ በዚያ ጥልቀት አደጋው ያለው በውስጥ በኩል ነውና። ከዚያ አውጥታችሁ ወደ ውስጥ አዙራችሁ ቀጥሉ። እጃችሁ የማያቋርጥ፣ ሸካራ ተቃውሞ ሊሰማው ይገባል። ድንገት ባዶ ውስጥ የገባ ከመሰላችሁ ግድግዳ ጥሳችኋል፤ መዶሻ ካስፈለጋችሁም መንገዱ የተሳሳተ ሳይሆን አይቀርም። ወደ ውስጥ የማዘንበሉ ማዕዘን ወደ ታች ስንወርድ ይጨምራል። ኤል1 (የመጀመሪያው የወገብ አከርካሪ) ላይ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ሲሆን ኤል5 (አምስተኛው) ላይ 25 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል።

ከዚያ ጫፉ ድቡልቡል በሆነው ቀጭን መዳሰሻ አምስት ነገር ይዳሰሳል፤ አራቱ ግድግዳዎችና ወለሉ። ሰው ሁሉ ወለሉን ይፈልጋል። ነርቭ የሚጎዳው ግን በመንገዱ የመጀመሪያ አጋማሽ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ቆዩ። ለብሎኑ ጥርስ አጥንቱ ውስጥ መንገድ የሚቀርጸው መሣሪያ፣ ጥርስ ማውጫው፣ ከብሎኑ በ1 ሚሊ ሜትር ይቀጥን። ያን ጊዜ ብሎኑ አጥንቱን ጨምቆ ይይዛል።

መጠኑስ? ለወገብ በአብዛኛው ከ5.5 እስከ 7.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ርዝመት ነው። ለደረት አከርካሪ ያንሳል፤ ከቲ4 እስከ ቲ6 (ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው የደረት አከርካሪ) ያሉት ፔዲክሎች ከሁሉም ጠባብ ናቸው። ምርጫው መደረግ ያለበት ከቀዶ ሕክምናው በፊት በሲቲ ስካን ላይ ተለክቶ ነው። ውፍረትና ርዝመት እኩል ዋጋ የላቸውም። ከብሎኑ የመያዝ ኃይል 60 በመቶ ገደማ የሚገኘው ከፔዲክሉ ነው። ስለዚህ ቱቦውን ሞልቶ የሚገባ ወፍራም ብሎን ከረጅምና ቀጭን ይሻላል፤ ከውጫዊ ስፋቱ 80 በመቶ ካለፈ ግን ቱቦው ሊፈነዳ ይችላል። ጫፉ ከአከርካሪው አካል ሁለት ሦስተኛውን አልፎ ይቁም፤ የፊተኛውን ግድግዳ አይንካ። ከፊት ለፊት በተነሣ ራጅ ላይ የመሃሉን መስመር ያለፈ ጫፍ ካያችሁ ውስጠኛውን ግድግዳ ጥሷል ብላችሁ ጠርጥሩ።

የብሎኑን ጭንቅላት አጥንቱ ውስጥ እስኪቀበር አታጥብቁት። ተሽከርካሪ ጭንቅላት ያለው ብሎን ከተቀበረ መሽከርከሩ ይቀራል፤ አጥንቱንም እየፈነቀለ ራሱን ያላላል። የላይኛው ብሎን ደግሞ ከበላዩ ያለውን ያልተዋሃደ መገጣጠሚያ እንዳይነካ። ያ መገጣጠሚያ ከነገ ጀምሮ ተጨማሪ ሸክም የሚወድቅበት ነውና ዛሬ አትጉዱት።

ከቆዳ ላይ በትንንሽ ቀዳዳ ለምትሠሩ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ብሎኑ በመሪው ሽቦ ላይ ሲገባ ሽቦውን አብሮ ሊገፋው ይችላል፤ ሽቦው ከፊት ከወጣም የሚጠብቀው የደም ሥር ነው። የሽቦውን ጫፍ በሲ-አርም (በኦፕሬሽን ክፍሉ ተንቀሳቃሽ የራጅ ማሽን) ሳታዩ ብሎን አታዙሩ።

ዘንግ ላይ ደርሰናል። በወገብ የተለመዱት 5.5 እና 6 ሚሊ ሜትር ናቸው። ልዩነቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው ብላችሁ አትናቁት። የዘንግ ግትርነት ከውፍረቱ አራተኛ ኃይል ጋር ስለሚያድግ ባለ 6ቱ ከባለ 5.5ቱ በ40 በመቶ ያህል ይገትራል። ኮባልት ክሮም ከቲታኒየም እጥፍ ያህል ግትር ነው። ጠማማ ጀርባን ለማቃናት ይመረጣል። ነገር ግን ግትርነት በነጻ አይመጣም፤ ዘንጉ ያልተቀበለውን መተጣጠፍ ብሎኑና ከላይ ያለው አከርካሪ ይቀበላሉ።

ዘንግ ሲታጠፍ አንድ ጊዜ፣ በቀስታ፣ በሰፊ ቅስት ይታጠፍ። በማጠፊያው የተጨረ ቦታ ሁሉ ለወደፊት ስንጥቅ መነሻ ነው። ቲታኒየም ደግሞ ጭረት አይወድም። አጥፎ እንደገና ማቃናት ከሁሉም የከፋ ስለሆነ፣ ቅርጹ ካልመጣላችሁ አዲስ ዘንግ ይውጣ። ለነርሶች፦ ቀደም ሲል የተተከለ ዘንግ በምንም ሁኔታ ታጥቦ ሌላ ሰው ላይ አይገባም፤ ያሳለፈውን የድካም ዙር ዓይን አያየውም። አይዝጌ ብረትን ከቲታኒየም ጋር ማደባለቅም ዝገት ስለሚያፋጥን አይደረግ።

ዘንጉ ብሎኖቹ ጭንቅላት ላይ ሳይገፋ መቀመጥ አለበት። በማውረጃ መሣሪያ እየጎተቱ ማቀራረብ ምቹ ነው፤ ግን አጥንቱ የሳሳ ከሆነ የሚንቀሳቀሰው ዘንጉ ሳይሆን ብሎኑ ይሆናል፤ ድምፅ ሳያሰማ ይነቀላል። ቆላፊውን፣ ዘንጉን ብሎኑ ጭንቅላት ውስጥ የሚይዘውን ትንሽ ብሎን፣ ስትገጥሙ መጀመሪያ ወደ ግራ አዙሩት፤ ጥርሱ ቦታውን ሲያገኝ ቀጭ ይላል፤ ከዚያ ወደ ቀኝ አጥብቁ። ጥርሱ ተጣሞ የገባ ቆላፊ የጠበቀ ይመስላል፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ይወጣል። የመጨረሻው ማጥበቅ ዘወትር በኃይል መጣኝ ቁልፍና በመያዣ ነው። ብዙዎቹ ሥርዓቶች ከ8 እስከ 12 ኒውተን ሜትር ይጠይቃሉ። የአንዱን አምራች ቁልፍ ለሌላው አትጠቀሙ። መያዣው ከሌለ የምታዞሩት ኃይል ወደ ዘንጉና ወደ ፔዲክሉ ይሄዳል። የዘንጉ ጫፍ ከመጨረሻው ብሎን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይለፍ፤ ካነሰ ያመልጣል፣ ከበዛ ሥጋ ይወጋል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ኋላው ነው። አከርካሪ ግን ከሸክሙ 80 በመቶ ያህሉን የሚያሳልፈው በፊት በኩል ነው። ከፊት ባዶ ከሆነ፣ በአከርካሪዎች መካከል ያለው ዲስክ ወድቆ ወይም አጥንቱ ደቅቆ ከሆነ፣ ሸክሙ ሁሉ ዘንጉን ያጎብጠዋል። ኬጅ፣ ማለትም በሁለት አከርካሪ መካከል የሚቀመጠው ድጋፍ፣ የሚገባው ለዚህ ነው፤ ብረቱን ያሳርፋል፣ አጥንቱንም ጫና ውስጥ ያስገባል። የተጨመቀ አጥንት ያድጋል፣ የተንጠለጠለ ይሟሽሻል። (የኬጅ ሐሳብ ከፈረስ ሕክምና መምጣቱን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ጆርጅ ባግቢ የተባለ ቀዶ ሐኪም የአንገት አከርካሪያቸው ህብለ ሰረሰርን ለሚጫናቸው ፈረሶች ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የብረት ቅርጫት ሠራ፤ የዚያ ተከታይ በ1996 በአሜሪካ ለሰው ተፈቀደ።)

ኬጅ ላይ ውጤቱን የሚወስነው ኬጁ ራሱ ሳይሆን የሚያርፍበት አልጋ ነው። ዲስኩ ከወጣ በኋላ በአከርካሪው ገጽ ላይ የሚቀረው ልሙጥ የልምአጥንት ሽፋን በሙሉ መፋቅ አለበት፤ በዚያ ላይ አጥንት አይበቅልም። ከሥሩ ያለው ቀጭን አጥንት ግን ሳይደፈር ይቅር። እሱ ከተሰበረ ኬጁ ስፖንጁ ውስጥ ይሰምጣል። ፋቂው ሲሄድ የሚሰማችሁን ለዩ፤ ልምአጥንት ያንሸራትታል፣ አጥንት ይሻክራል፣ ስፖንጅ ያሰምጣል። መሃሉ ደካማ፣ ዳር ዳሩ ጠንካራ ስለሆነ ሰፊና ዳሩን የሚረግጥ ኬጅ ምረጡ። ቁመቱ በሙከራ መለኪያ ይታወቃል፤ በወገብ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 14 ሚሊ ሜትር ነው። ጠበቅ ይበል ብሎ አንድ ቁጥር መጨመር የተለመደ ፈተና ነው፤ የመስመጥ ዋናው ምክንያትም እሱ ነው። ኬጁ ከገባ በኋላ ከኋላ ባሉት ብሎኖች ትንሽ ጨምቁና ከዚያ ቆልፉ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ኬጁ ምንም ሳይጫነው ይቀራል፤ ወደ ኋላ ወደ ነርቩም ሊንሸራተት ይችላል።

ስለ ቁሱ ክርክሩ ብዙ ነው። ጠንካራው አጥንት ከ15 እስከ 20 ጊጋ ፓስካል ያህል ግትርነት ሲኖረው፣ ፒክ የሚባለው ፕላስቲክ ከ3 እስከ 4፣ ቲታኒየም 110 አካባቢ ነው። ፒክ በራጅ ስለማይታይ አጥንቱ ሲያድግ ለማየት ይመቻል፤ ያለበትን ቦታ የሚያሳውቁት በውስጡ ያሉ ትንንሽ የብረት ነጥቦች ናቸው። ነገር ግን አጥንት ከገጹ ጋር በደንብ አይጣበቅም፤ በመካከሉ ብዙ ጊዜ ጅማት መሰል ሽፋን ይሠራል። በሦስት አውታር ህትመት የሚሠራው ባለ ቀዳዳ ቲታኒየም ሁለቱን ለማስታረቅ ነው የመጣው። እንደ እኛ ግምት በደንብ የተዘጋጀ አልጋ ላይ የገባ ተራ ኬጅ፣ ባልተፋቀ አልጋ ላይ ከገባ ውድ ኬጅ ይበልጣል።

የሚተከለውን አጥንት ብዙዎች ሲደክማቸው፣ በመጨረሻው አሥር ደቂቃ ይሠሩታል። ዘንጉን የሚሰብረውም ያ አሥር ደቂቃ ነው። ከኋላ በኩል የሚዋሃዱት ገጾች ሁሉ ደም እስኪያወጡ ቅርፊታቸው ይነሣ፤ ዘንጉ ከመግባቱ በፊት ይሁን፣ በኋላ መሰርሰሪያው አይደርስም። ውኃ እየፈሰሰ ይሠራ፤ 47 ዲግሪ ሴልሺየስ ለአንድ ደቂቃ የቆየ ሙቀት አጥንቱን ይገድላል። ምርጡ የታካሚው የራሱ አጥንት ነው፤ ሕያው ሴል፣ የእድገት ምልክትና አዲሱ አጥንት የሚያድግበትን መሰላል በአንድ ላይ ይዟል። ከቅስቱ የተነሣው ከሥጋና ከልምአጥንት ተጠርቶ ይከትከት፤ ካልበቃ ከዳሌ ይጨመር። አሜሪካዊው ሐኪም ማርሻል ዩሪስት በ1965 መንገዱን የከፈተለት አጥንት አብቃይ ፕሮቲን በ2002 በአሜሪካ ለወገብ ተፈቅዷል። ኃይለኛ ነው፤ አንገት ላይ ግን ጉሮሮን እስከ መዝጋት የሚደርስ እብጠት ስላስከተለ በ2008 ማስጠንቀቂያ ወጥቶበታል።

አንገት የራሱ ንግግር ያስፈልገዋልና በአጭሩ እንለፈው። ከፊት የሚገባው ፕሌት አጭር ይሁን፤ ጠርዙ ካልተነካው ጎረቤት ዲስክ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ይራቅ፤ ካልሆነ እዚያ ያልተፈለገ አጥንት ይበቅላል። በመጀመሪያው ሌሊት አንገቱ ያበጠና ትንፋሽ ያጠረው ታካሚ ራጅ አይጠበቅለትም፤ ቁስሉ እዚያው አልጋው ላይ ተከፍቶ የተጠራቀመው ደም ይውጣ። ነርሶች ይህን አስምሩበት።

ከብረቱ ውጭ ያለውን ጉዳይ እናንሳ። ሲጋራ ከቀዶ ሕክምናው ቢያንስ 4 ሳምንት በፊት ይቁም፤ አጥንቱ እስኪገጥምም አይጀመር። አጥንቱ የሳሳ ሰው፣ ማለትም የአጥንት ጥግግት መለኪያው (ቲ-ስኮር) -2.5 ወይም ከዚያ በታች የሆነ፣ አስቀድሞ ይታከም። ካልተቻለ ወፍራም ብሎን፣ ተጨማሪ ደረጃ ወይም የአጥንት ሲሚንቶ ይታሰባል። ሲሚንቶ ለአንድ ብሎን ከ1.5 እስከ 3 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ እንደ ጥርስ ሳሙና እስኪወፍር ተጠብቆ፣ ሲ-አርም እየታየ ይገባል፤ ወደ አከርካሪው የኋላ ሲሶ ሲጠጋ ወዲያው ይቁም። ቀጭን ሆኖ የገባ ሲሚንቶ በደም ሥር ወደ ሳንባ ይሄዳል።

ኢንፌክሽን ደግሞ ከብረት ጋር ልዩ ጓደኝነት አለው። ባክቴሪያው ብረቱ ላይ ተለጥፎ አንቲባዮቲክ የማይደርስበት ድር ያደራል። ሴፋዞሊን የተባለው አንቲባዮቲክ 2 ግራም፣ ክብደቱ 120 ኪሎ ለሞላ 3 ግራም፣ ከቁርጡ በፊት ባለው 60 ደቂቃ ውስጥ ይሰጥ፤ ሥራው ከ4 ሰዓት በላይ ከፈጀ ይደገም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መግል ከመጣ ቁስሉ ተከፍቶ ይታጠባል፤ የጸና ብረት ግን አይወጣም፤ የሚወላወል አጥንት ኢንፌክሽኑን ያባብሳል። ከዓመታት በኋላ ከመጣና አጥንቱ ከገጠመ ብረቱ ይወጣል። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ከብረት ጋር እምብዛም ስለማይጣበቅ፣ በነቀርሳ የተጎዳ አከርካሪ ላይ መድኃኒቱ በአግባቡ እየተወሰደ ቲታኒየም መትከል ይቻላል።

ክትትሉ ላይ ምን እንፈልግ? በብሎኑ ዙሪያ 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ጥቁር ቀለበት መላላትን ያሳያል። በዓመቱ ሲቲ ስካን ላይ ከአከርካሪ ወደ አከርካሪ ሳይቋረጥ የሚሻገር አጥንት ካለ ሥራው ተጠናቋል። ሕመም የሌለው ታካሚ ሁሉ ገጥሟል ማለት አይደለም፤ ያልገጠመለት ሁሉ ያመዋል ማለትም አይደለም። ከላይ ባለው የመጀመሪያ ያልተነካ አከርካሪ ላይ ጉብጠቱ ከቀድሞው በ10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ በቅርብ ይከታተሉት።

"ብረቱ ይውጣ ወይ?" ተብሎ በጽሑፍ ለቀረበው ጥያቄ፦ ካላስቸገረ አይውጣ። ማውጣት ከፈለጋችሁ ግን ትልቁ እንቅፋት ቁልፉ ነው። የየአምራቹ የቁልፍ ቅርጽ ይለያያል፤ ባለ ስድስት ጎን ነው ወይስ ባለ ኮከብ፣ ስንት ሚሊ ሜትር፣ ከተከፈተ በኋላ ማወቅ ዘግይቷል። ጭንቅላቱ ተበልቶ ቁልፍ የማይዝ ብሎን ዘንጉን ከግራና ቀኝ ቆርጦ፣ የቀረውን ቁራጭ እንደ እጀታ ይዞ ብሎኑን በማዞር ይወጣል። ፔዲክል ውስጥ ተሰብሮ የቀረ የብሎን ግንድ ካላስቸገረና ኢንፌክሽን ከሌለ እዚያው ይተዋል። ስለዚህ ነርሶች፣ ከእሽጉ ላይ የሚላጠውን ተለጣፊ፣ የአምራቹን ስምና የምርት ቁጥር የያዘውን፣ አንዱን በታካሚው ፋይል ላይ ለጥፉ፤ ሌላውን ለታካሚው በእጁ ስጡት።